ድርቅ ብሏል

እኔ መቀመጥ አልችልም። የምበላው ቆሜ ነው፤ ሰው ሲያወራኝ እጄ የሆነ ብሎን ይፈታል፤ ስልክ ሳወራ ደግሞ ሌላው ሰው ሳይጨርስ እዘጋለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ «ጥድፊያ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ እስከ ዛሬም ቤተሰቡ የሚጠራኝ በዚያው ነው። ሥራዬ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። የተላላጠ፣ የተቧጨረ፣ ጥጉ የተሰበረ የስፒከር ሳጥን ተቀብዬ አሳምሬ እመልሳለሁ፤ የዚህ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው። ኮላው እስኪይዝ ይጠበቃል፣ ጎድጓዳ የሚሞላው ስቱኮ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ያገባሁት ሰው ባይኖር ኖሮ ሱቁ ገና ድሮ ተዘግቶ ነበር።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰው ሳይሆን የስፒከር። ከላይ ወፍራም ሸራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ገበር፣ በመሃል ስፖንጅ፤ ሳጥኑ መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድ እንዳይላላጥ የሚለብሰው ነገር ነው። እኔ አሳምራለሁ፣ እሱ ይሸፍናል። «አባ ዝግታ» እለዋለሁ። አንድ ቀን መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ማየት አቅቶኝ ከሱቅ ወጥቼ ሰፈሩን ዞሬ ተመለስኩ፤ ስመለስም ገና እያስገባ ነበር።

ያን ሰሞን ግን ከወትሮው የባሰ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ልታገባ ነው። ከእኔ የጠየቀችውም ሁለት ነገር ብቻ ነው። «አክስቴ፣ የአያቴ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ይቁሙልኝ። አጎቴም ይምጣልኝ» አለችኝ። ስትናገረው እንዴት ቀላል ይመስላል!

አባታችን ያሳደገን ድምፅ ማጉያ እያከራየ ነው። ሁለት መንታ ስፒከሮች ነበሩት፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረውት ሲሸከሙ አደጉ። አባታችን አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ሁለት ሰው አንድ ሳጥን ሊያነሣ ሲል አንደኛው «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላኛው በደንብ ጨብጦ፣ እግሩን አስተካክሎ «አለሁ» ካላለ በቀር ማንም ንቅንቅ አይልም። እሱ ራሱ በወጣትነቱ የእግሩን ጣት ያጣው ጓደኛው ሳይዝ ስላነሣ ነው። ስለዚህ በር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ መኪና ላይ ወንድሞቼ «አለህ?» «አለሁ» ሲባባሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ። እሱ ገና «አለ…» ሲል እኔ አንሥቻለሁ።

አባታችን ሲሞት ስፒከሮቹን አንድ አንድ ተካፈሉ። ታላቁን ጋሼ ነው የምንለው፤ አስተማሪ ነው፣ ሸሚዙ ላይ አንድ መጨማደድ አታዩም። ጋሼ ድርሻውን ሳሎን ጥግ ላይ አቁሞ አለበሰው፤ አልፎ አልፎ ገልጦ ይወለውለዋል፣ መልሶ ያለብሰዋል፤ አንድ ቀን እንኳን አላስጮኸውም። ታናሹ ማሙሽ ነው። ፂሙ ሸብቷል፤ ቢሆንም ማሙሽ ነው። እሱ የአባታችንን ሥራ ቀጠለና ስፒከሩን ካዳራሽ አዳራሽ እያንከራተተ እንጀራውን ይበላበታል። አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ዶፍ ዝናብ ወረደበትና ሳጥኑ ውሃ ጠጣ። ጋሼ ሲሰማ ሄዶ ሰው ፊት፣ «አባትህን ዝናብ ላይ ጥለህ መጣህ» አለው። ማሙሽም አልተኛለትም፤ «አንተ ደግሞ ሸፍነህ ቀበርከው» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ እንኳ የሚያወሩት በእኔ በኩል ነው። «ንገሪው፣ በሩን ይዝጋ።» «ንገሪው፣ እሱ እጅ የለውም ወይ?» እኔም መሃል ቆሜ እነግራለሁ። ዓመታት ነገርኩ።

ሙሽራዋ የጠየቀችኝን ይዤ መጀመሪያ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ማሙሽ ይምጣ። ስፒከሩንም ይዞ ይምጣ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይምጣ። ማን አትምጣ አለው? ያን የተላላጠ ሳጥን ግን ከልጄ አጠገብ አላቆምም። ሰው ምን ይለኛል?»

«አምሮ ቢመጣስ?»

«ካማረማ…» አለና መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ከጋሼ አፍ «ካማረማ» ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ማሙሽ ጋ ሮጥኩ። ሽቦ እየጠቀለለ አገኘሁት። «እትዬ ጥድፊያ፣ ስፒከሬ ካልቆመ እኔም አልቆምም። ንገሪው» አለኝ። እንግዲህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ኩርፊያቸውን አንድ ሳጥን ላይ ጭነው እኔን ጎትቺ አሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በለጠኝ። ይህ ሠርግ ካለፈ ሌላ ምን ያገናኛቸዋል? የሚያገናኛቸው የአንዳችን ቀብር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በእኔ በኩል ለመነጋገር እኔ ልኑር አልኑር ማን ያውቃል?

የማሙሽን ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ሳወጣው ወገቤ ቁርጥ አለ። የለበሰው ቆዳ መሰል ላስቲክ በየቦታው ተነሥቷል። ውሃ የጠጣው የታች ጥግ አብጦ ጣውላው እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተገላልጧል። የፊቱ ወንፊት ሰው የተቀመጠበት ይመስል ጎድጉዷል። መጀመሪያ ድምፅ የሚያወጣውን ክብ ነገር ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፤ ብናኝ ከገባበት ሳጥኑ ያምርና ድምፁ ይታመማል። ከዚያ ላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ ላጥኩት። ያበጠውን ጥግ በቢላ እየከፈትኩ በየገጹ መሃል ኮላ አስገባሁና በሞርሳ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። የጎደለውን በሰጋቱራና በኮላ ሞላሁ፣ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ፈገፈግኩ። ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት ግን አልጠፋ አለችኝ። ለዓይን አትታይም፤ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያውቃት። የፊቱን ወንፊት ከጀርባው በመዶሻ እያባበልኩ አቃናሁ። በመጨረሻ ወፍራሙን ሻካራ ቀለም በሮሎ አለበስኩት። ለስላሳ ቀለም ጭረትን ያሳብቃል፤ ሻካራው ይሸፍናል፣ በቶሎም አይቧጨርም።

ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ጥቂት ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሌላ ጣጣ ታየኝ። ጥቁር ሁሉ አንድ ጥቁር አይደለም። ይህ አዲስ ጥቁር ከጋሼ አሮጌ ጥቁር ጎን ቢቆም የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም፤ ጋሼ ደግሞ ልዩነቱን ከበር ላይ ሆኖ ያየዋል። ስለዚህ «ለሠርጉ አቧራውን ልጥረግልህ» ብዬ የሱንም አመጣሁ።

«ከጨርቅ ሌላ እንዳይነካው» ብሎኝ ነበር ሲሰጠኝ፤ እጁን ከሳጥኑ ላይ ለማንሣት እንኳን አላስቻለውም።

ጨርቅ ብቻ አላስነካሁትም። ቀባሁት። ሳልቀባው ምን ላድርግ? ስጨርስ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ እብጠቷን በጣቴ ካልፈለግሁ በቀር የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ፤ ልጆች ሆነን የማውቃቸው መንታዎች ተመልሰው መጡ።

አባ ዝግታን «ለሁለቱም አንድ ልብስ ስፋ» አልኩት። «አንዱን ብድግ አድርጎ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር።»

«ኩርፊያን በሸራ ልታስሪ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ሰፋው። ሁለት ሳጥን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚገቡበት ጥብቅ ያለ ልብስ፣ ከላይ በቀበቶ የሚታሰር።

አሁን የቀረው መድረቅ ብቻ ነው። ይህ ቀለም ደግሞ ዋሾ ነው። ላዩን ሲነኩት እጅ አይዝም፤ ሥሩ ግን ገና ሊጥ ነው። እኔ በጣቴ አምኜው አላውቅም፤ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተዋለሁ። ሽታው ካለ አልደረቀም ማለት ነው። ባሌ ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ጨርቅ ነው።

የሠርጉ ዋዜማ ቀትር ላይ የጥግ ብረት ልገዛ ወጣሁ። የሳጥኑን ስምንት ጥግ ከመጋጨት የሚጠብቁ ብረቶች ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ልገጥማቸው አስቤ ነበር። ከብረት መሸጫው አጠገብ አንድ ሰው ብረት ይቆርጣል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ እኔ ደግሞ ውስጤ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስል አላስቆም ብሎኛል። ቀለሙ ካልደረቀስ? ጋሼ ሳይታሰብ ቢመጣስ? ማሙሽ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ባሌ ጋ ደወልኩ።

«ደረቀ?» አልኩት።

«ኧረ ድርቅ ብሏል!» አለኝ በሹክሹክታ። «ንቅንቅ የለም።»

«እሰይ! በል ሁለቱንም አንድ ላይ አልብሳቸው፣ ቀበቶውን ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ መኪና ጠርተህ አሁኑኑ አዳራሹ ውሰዳቸው።»

«ሁለቱንም? ጥሩ ዘዴ ነው። ግን እሱ…»

ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ስደርስ ወንበሮች ይደረደራሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ አበባ የያዙ ሰዎች ይተላለፋሉ። አባ ዝግታ ሁለቱን ስፒከሮች ከነልብሳቸው መድረኩ ሥር አቁሟቸው ነበር። ቀበቶውን ፈትቼ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። አልመጣም። ደግሜ ሳብኩት፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማና መጣ። ከሱ ጋር ሽታው መጣ።

ላያቸው የገበሩን ብናኝ ጠጉር ለብሷል። እሱስ በደህና ብሩሽ ይወርድ ነበር። የገጠሙበት ጎን ግን አንድ ሆኗል። በመሃላቸው ወረቀት ላስገባ ሞከርኩ፤ አልገባም። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ልጣጭና ፍሬ ተጣብቀው አድረዋል።

«ደርቋል ብለኸኝ የለ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እኔ? መቼ?»

«ትናንት በስልክ! ደረቀ ወይ ስልህ ድርቅ ብሏል አላልከኝም?»

አባ ዝግታ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ «ጋሼን ነዋ» አለ። «ጋሼ ሱቅ መጥቶ ነበር እኮ! መቀባቱን ሲያይ ‹የኔን ለይታችሁ ስጡኝ፣ ይዤ ካልሄድኩ አልነቃነቅም› ብሎ በር ላይ ድርቅ አለ። አንቺም ‹ደረቀ?› ስትዪኝ ነገሩን ሰምተሽ የምትጠይቂኝ መሰለኝ። ሁለቱንም ጫን ስትዪኝ ደግሞ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ያላት ብዬ አደነቅሁሽ። አንድ ላይ ታስረው ሲያይ የሱን ነጥሎ መውሰድ ስላቃተው ትቶ ሄደ። ቀለሙንማ በጣቴ ነክቼው ነበር፣ አልያዘኝም።»

«ማነው ድርቅ ያለው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላችን።

ጋሼ ነበር፤ በሙሉ ልብስ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማው እያብለጨለጨ። ሳጥኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሳጥኖቹን አየ። በዚያው ቅጽበት ማሙሽ ሽቦውን ትከሻው ላይ ጥቅልል አድርጎ በጎን በር ገባ። እሱም መጥቶ ቆመ። በሁለቱ ወንድሞቼ መካከል እኔና የተጣበቁት ሳጥኖች ቀረን።

«ንገሪው» አለ ጋሼ ወደ ማሙሽ ሳያይ፣ «አብሮ መቆም እንዲህ መሆኑን።»

«ንገሪው» አለ ማሙሽ፣ «የኔን ብቻዬን ባቆም እዚህ ሁሉ ባልደረስን።»

«ንገሪው፣ መጀመሪያ ዝናብ ላይ ያቆመው ማን ሆኖ ነው?»

«ንገሪው…»

«አልነግርም!» አልኩ። ድምፄ አዳራሹን ሞላው፤ አበባ የያዙት ሰዎች ቆሙ። «አልነግርም። ደከመኝ! ፋቅኩ፣ ሞላሁ፣ ቀባሁ፣ ሮጥኩ። በእናንተ መሃል ቆሜ አረጀሁ። አሁን የምትነጋገሩ ከሆነ ተነጋገሩ፣ ካልሆነም ሙሽራዋ እንዲህ እንደ ተጣበቁ ታገኛቸው።»

አንድ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ባሌ አንድ ነገር የሆንኩ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ፤ አባ ዝግታ ሲሮጥ ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼና ማሙሽ እኔን ማየት ቀጠሉ። ሁለቱም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ የሚያቀብልላቸው ሰው እንደሌለ ሲያዩ ዘጉ። እኔ በበኩሌ ብድግ እንዳልል ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ጋሼ ኮቱን አወለቀ። አጣጥፎ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ወንበር ላይ ጣለው። ከረባቱን በሸሚዙ ቁልፎች መሃል አስገባና ጎንበስ ብሎ የአንደኛውን ሳጥን እጀታ ያዘ። ማሙሽ ሽቦውን መሬት ላይ አውርዶ በወዲያኛው በኩል ጎንበስ አለ፤ የሌላኛውን ሳጥን እጀታ ያዘ። አሁን ፊት ለፊት ናቸው፤ በመሃላቸው የአባታችን ሁለት ሳጥኖች። አንዱ ብቻ ቢስብ ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉ። እኩል መሳብ አለባቸው።

ጋሼ እግሩን አስተካከለ። ከዚያ ከልምድ ይሁን ከልቡ አላውቅም፣ ድምፁ ግን የአባታችንን መሰለ።

«አለህ?» አለ።

ማሙሽ አልመለሰም። እጀታውን እንደ ያዘ አንገቱን ደፋ። «አለሁ በለው!» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ምላሴን ነክሼ አላውቅም። ጋሼም አልሳበም፤ በሕጉ መሠረት ጠበቀ።

«አለሁ» አለ ማሙሽ በመጨረሻ። «አለሁ፣ ጋሼ።»

ሳቡ። ሳጥኖቹ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ አሰምተው ተለያዩ። ሁለቱም ወንድሞቼ ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ግን አልለቀቁም፣ አልወደቁም።

የአንደኛው ሳጥን ጎን መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ተልጦ ጣውላው ራቁቱን ቀረ። ልጣጩ ሌላኛው ላይ ተለጥፎ ነበር። እዚያው ሆኜ በዓይኔ እየለካሁ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ሮሎ፣ ሰዓቱ ይበቃል አይበቃም። ጋሼ ወደ ተላጠው ሳጥን ሄደና ጎንበስ ብሎ አየው። ይህን ነው የፈራሁት፤ ከልጄ አጠገብ አላቆምም ያለው ይህንኑ ነበር።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

ማሙሽ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። የማሙሽ አውራ ጣት የተላጠው ሳጥን የታች ጥግ ላይ አርፋ ነበር። እብጠቷ እዚያ ነበረች። ሳጥኑ የማሙሽ ነው፤ እሱም አወቀ፣ እኔም አወቅሁ።

«ይሄ የተላጠው የኔ ነው» አለ ጋሼ እንደገና፣ በቀጥታ ለወንድሙ። «ና፣ ልጄ የምትቀመጥበት ጎን እናቁመው። አለህ?»

«አለሁ» አለ ማሙሽ፤ ይሄኛው አልቆየም።

እኔም ከወንበሬ አልተነሣሁም። ለማንም ምንም አልነገርኩም።